መድኃኒት ጀምራችሁ መጠጥ ፊታችሁ ሲቀርብ፦ ከፋርማሲ እስከ ጨብሲ፣ ደረጃ በደረጃ

ፋርማሲ ባንኮኒ ጀርባ ስቆም በብዛት የሚመጣብኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ከወሰድኩ ስንት ሰዓት ቆይቼ ልጠጣ?» ቅዳሜ ከሰዓት ድሬ (ድሬዳዋ) ላይማ፣ ማታ ጨብሲ፣ ማለትም ከጫት በኋላ የሚጠጣው መጠጥ ስላለ፣ ማቆሚያ የለውም። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ መልሱንም ይዞ ነው የሚመጣው፤ ጓደኛው «አቦ አታካብድ፣ ሁለት ሰዓት ካለፈ ችግር የለውም» ብሎታል።

እኔም በጥያቄ ነው የምመልሰው። የትኛው መድኃኒት? ያኔ ኪሱ ይገባና በመቀስ የተቆረጠች ስትሪፕ ያወጣል። አራት ነጭ ፍሬ። ስሙ ያለበት ጎን ተቆርጦ ሄዷል፤ የቀረችው የስሙ ጭራ «ዞል» ብቻ ናት። ኦሜፕራዞልም «ዞል» ነው፣ አልበንዳዞልም፣ ሜትሮኒዳዞልም፣ ቲኒዳዞልም። አንዱ የጨጓራ ነው፣ አንዱ የወስፋት፣ ሁለቱ ደግሞ ከቢራ ጋር ሲገናኙ ሰው ወለል ላይ የሚያስቀምጡ ናቸው። በዚያች ጭራ ተማምኜ ማንንም «ጠጣ» ልል አልችልም።

ሰው የሚሳሳተው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ መድኃኒቱ ላይ ይጠጣል። ሌላው ለመጠጣት ሲል መድኃኒቱን ይዘላል። ሁለተኛው ጥንቃቄ ይመስላል፤ የቲቢ፣ የኤችአይቪ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከሆነ ግን ከመጀመሪያው እኩል፣ አንዳንዴም የባሰ ጉዳት አለው። እባካችሁ ከታች ያለውን በቅደም ተከተል ሂዱበት። ዘላችሁ ዝርዝሩ ላይ ብቻ አትረፉ።

መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፦ በየቀኑ ለምትጠጡ

ጠዋት ስትነሱ እጃችሁ ይንቀጠቀጣል? አንድ መለኪያ ስትቀምሱ ይረጋላችኋል? እንግዲያው መድኃኒት ጀመርኩ ብላችሁ መጠጡን በአንድ ቀን ቀጥ አታድርጉት። የለመደ ሰውነት በድንገት ሲከለከል በሰዓታት ውስጥ ላብና መንቀጥቀጥ ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ ጥሎ የሚያንፈራግጥ ነገር ሊመጣ ይችላል። ከሁለት እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ መቃዠትና የሌለ ነገር ማየት። ይህ የፈቃድ ድክመት አይደለም፣ ሕክምና የሚያስፈልገው ነገር ነው፣ ሰውም ይሞትበታል። ለሐኪሙ በቀጥታ «በየቀኑ እጠጣለሁ፣ ስተወው ያንቀጠቅጠኛል» በሉት። በመድኃኒት እየደገፈ ቀስ አድርጎ ያስቆማችኋል። የያዛችሁትንም መድኃኒት በዚያው ልክ ያስተካክለዋል።

ደረጃ 1፦ የመድኃኒቱን ሙሉ ስም ያዙ

1. ስትሪፕ ሲቆረጥላችሁ «ስሙ ያለበትን ጎን ተውልኝ» በሉ። ካልተቻለ ሙሉ ፓኬቱን እዚያው ባንኮኒው ላይ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ስሙና ሚሊግራሙ ይታይ።

2. ከረጢቷ ላይ የተጻፈውን አስነብቡ። «1×3» ማለት አንድ ፍሬ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በየ8 ሰዓቱ ማለት ነው። ስንት ቀን እንደሆነም አስጽፉ። የመጨረሻው ፍሬ የሚዋጥበትን ቀን ካላወቃችሁ ደረጃ 4 አይሠራላችሁም።

3. ሌላም የምትወስዱትን ሁሉ አንድ ላይ ጻፉ። የግፊት፣ የስኳር፣ የሳል ሽሮፕ፣ የእንቅልፍ፣ የባህል መድኃኒት፣ ከጎረቤት የተበደራችሁት የራስ ምታት ፍሬ። ሰው የሚረሳው ሽሮፑን ነው። አንዳንድ የሳል ሽሮፕ ራሱ አልኮል አለበት። ጨርሶ መጠጥ የማትነኩ ከሆነ «አልኮል የሌለው ስጡኝ» ብላችሁ ጠይቁ፣ አለ።

ከተበላሸስ? ስሙ ጠፍቶ ከሆነ ወደ ገዛችሁበት ተመለሱ። ፍሬዋን በቀለምና በመልክ ለመለየት አትሞክሩ፣ እኛም አንችልም። የአክስቴ ባል አንድ ጊዜ ስም በሌለው ወረቀት የተጠቀለለ ፍሬ ይዞ መጣ። «ለወገቤ ነው ያሉኝ» አለ። ፓኬቱን ከጓዳ አግኝተን ስናየው ትራማዶል ሆኖ ተገኘ፤ እሱ ደግሞ ማታ ማታ በሁለት መለኪያ አረቄ ነበር የሚወስደው። ስሙ እስኪታወቅ ድረስ መጠጥ የለም። ይህ ብዙ ጊዜ የአንድ ቀን ጉዳይ ነው።

ደረጃ 2፦ የምትጠጡትን በቁጥር ተናገሩ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ከኋላው ተራ የያዘው ጎረቤቱ ነው፣ ወይም የሚስቱ ወንድም። ስለዚህ «ትጠጣለህ?» ሲባል «አይ» ይላል፣ ወይም «አልፎ አልፎ»። አልፎ አልፎ ለእኔ ምንም አይነግረኝም። ማፈራችሁን እረዳለሁ፤ ግን እኔ የምፈልገው ቁጥሩን ብቻ ነው፣ ለማንም አላወራም።

እንዲህ በሉ፦ «ቅዳሜና እሑድ አምስት ስድስት ቢራ እጠጣለሁ። ከሰዓት እቅማለሁ። ይሄ መድኃኒት ከነዚህ ጋር ምን ያደርገኛል? ካቆምኩ ከስንት ቀን በኋላ ነው ነፃ የምሆነው?»

በድምፅ ማለት ከከበዳችሁ ስልካችሁ ላይ ጻፉና አሳዩ። ወይም ተራው እስኪያልቅ ጥግ ላይ ቆማችሁ ጠብቁ። ባለሙያው ቸኩሎ ካሳለፋችሁ ደግሞ ሌላ ፋርማሲ ግቡ፣ ለመጠየቅ ገንዘብ አይከፈልም።

ስለ መጠኑም አንድ ነገር። 330 ሚሊ የሆነ 5 በመቶ ቢራ ውስጥ 13 ግራም ያህል ንጹህ አልኮል አለ። ጠንካራ አረቄ ከሆነ 50 ሚሊ ብቻ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። የቤት ጠላና ጠጅ ግን ከጠማቂ ጠማቂ ስለሚለያይ «ጠላ ነው እኮ» ማለት ምንም ዋስትና አይሆንም። ጉበት አንድ ቢራ ለማጥራት ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ማታ 2 ሰዓት ጀምሮ ስድስት ቢራ የጠጣ ሰው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ደሙ ውስጥ ገና አልኮል ሊኖር ይችላል፤ ያኔ የሚውጣት የጠዋት ፍሬ አልኮሉ ላይ ነው የምታርፈው። ቡና፣ ሎሚ፣ ቀዝቃዛ ሻወር፣ ትኩስ ቅቅል ያነቃቁ ይሆናል እንጂ ይህንን አያፋጥኑትም።

ደረጃ 3፦ መድኃኒታችሁን ከዚህ ውስጥ ፈልጉ

*አንድ ጠብታም የማይነካባቸው፦ የአሜባና የጃርዲያ*

ሜትሮኒዳዞል እና ቲኒዳዞል። በእኛ አገር ሆድ በተቆረጠ ቁጥር ስለሚታዘዙ፣ ለማህፀን ኢንፌክሽንና ለጥርስም ስለሚሰጡ፣ ብዙ ሰው እንደ ቀላል ነገር ያያቸዋል። ከአልኮል ጋር ሲገናኙ ፊት ይቀላል፣ ልብ ይመታል፣ ራስ ይፈነዳል፣ ሆድ ይገለበጣል። አንድ ባጃጅ ነጂ በሦስተኛው ቀን «ሆዴ ተሻለኝ» ብሎ ሁለት ቢራ ጠጣ። ጓደኞቹ ሲያመጡት ፊቱ በርበሬ መስሏል፣ ሸሚዙ በላብ ርሷል፣ ደረቱን ይዞ «ልቤ ልትወጣ ነው» ይላል። ጓደኞቹ የተበላሸ ቢራ ነው ብለው ባለ ግሮሰሪውን ሊጣሉት ነበር።

ሁሉም ሰው ላይ አይደርስም። ጓደኛችሁ ጠጥቶበት ምንም አልሆነ ይሆናል። እናንተ ላይ እንደማይደርስ ግን የሚነግራችሁ የለም።

*ትንፋሽ የሚያዘገዩ*

ዲያዜፓም፣ ፌኖባርቢታል፣ ትራማዶል፣ ኮዴን፣ አሚትሪፕቲሊን፣ እንደ ክሎርፕሮማዚን ያሉ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች፣ እንዲሁም የሚያስተኙ የጉንፋንና የአለርጂ ፍሬዎች፣ ማለትም ክሎርፌኒራሚንና ፕሮሜታዚን። አልኮልም እነዚህም አንጎልን ነው የሚያዝሉት። ሁለቱ ሲደመሩ እንቅልፍ ብቻ አይመጣም፤ ትንፋሽ እየቀለለ እየቀለለ ሄዶ ሊቆም ይችላል። ትራማዶል ደግሞ ከመጠጥ ጋር ጥሎ ሊያንፈራግጥም ይችላል። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ካላችሁ መልሱ አጭር ነው፦ አትጠጡ። የአለርጂ ፍሬዋ ቀላል ትመስላለች፣ ግን ባጃጅ ወይም ሞተር ለሚነዳ ሰው እሷና ሁለት ቢራ ለአደጋ በቂ ናቸው።

ለጉንፋን አረቄ በነጭ ሽንኩርት የምትጠጡም እዚሁ ግቡ። የጉንፋን ፍሬው ውስጥ ብዙ ጊዜ ፓራሲታሞልና የሚያስተኛ የአለርጂ መድኃኒት አብረው አሉ። አንዱን ምረጡ፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ ነጭ ሽንኩርቱን በማርና በሻይ አድርጉት፣ አረቄው ይቅር።

*ጉበት የሚጎዱ*

ፓራሲታሞል ለጤነኛ አዋቂ በቀን ከ4 ግራም ማለፍ የለበትም፣ ማለትም ባለ 500 ከሆነ ከ8 ፍሬ። በየቀኑ ብዙ ለሚጠጣ ሰው ግን ጣሪያው ከዚያ በጣም ዝቅ ይላል፣ ብዙ ጊዜ ግማሹ ይሆናል። ምክንያቱም መጠጥ የለመደ ጉበት ፓራሲታሞሉን ወደ መርዛማ ቅሪት የሚቀይረው በብዛት ነው፤ ያንን ቅሪት የሚያመክነው ነገር ደግሞ ተሟጦበታል። ሳትጠይቁ አትጀምሩ።

የቲቢ መድኃኒት ላይ ከሆናችሁ፣ አይሶናያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ፒራዚናማይድ ሦስቱም ጉበት ላይ ይከብዳሉ። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው። 6 ወር ሙሉ መጠጥ መተው ረጅም እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የዓይናችሁ ነጭ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንታችሁ እንደ ኮካ ከጠቆረ፣ ምግብ ካስጠላችሁ፣ በቀኝ በኩል ከጎድን ሥር ካመማችሁ በዚያው ቀን ወደ ቲቢ ክሊኒካችሁ ሂዱ። ጠጥታችሁ ከሆነም ንገሯቸው። መድኃኒቱን በራሳችሁ ፈቃድ ግን አታቁሙት፣ መድኃኒት የለመደ ቲቢ ለማዳን እጅግ ይከብዳል።

*ጨጓራ የሚያደሙ*

ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ አስፕሪን። ከመጠጥ ጋር የጨጓራን ግድግዳ ሁለቱም ይልጡታል። ሰገራችሁ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም የቡና አተላ የመሰለ ካስመለሳችሁ ሆስፒታል እንጂ ፋርማሲ አይደለም መድረሻችሁ። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰውም መጠጡ የደሙን ቅጥነት ስለሚያዛባበት ሐኪሙን ሳያማክር መለኪያ አያንሳ።

ድሬ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። እዚህ ዴንጊ (ትንኝ የሚያስተላልፈው ትኩሳት) አለ፤ ከ2013 እ.ኤ.አ. ወረርሽኝ ጀምሮ እናውቀዋለን። ትኩሳትና አጥንት የሚሰብር ሕመም ሲይዛችሁ «ዲክሎ ስጠኝ» ብላችሁ አትምጡ። ዴንጊ ራሱ ደም ያፈሳል። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ያንን ያባብሳሉ፣ መጠጥ ሲጨመርበት ደግሞ አስቡት። ምርመራ እስክታደርጉ ፓራሲታሞል በልኩና ብዙ ፈሳሽ።

*ስኳርና ግፊት*

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ ላይ ከሆናችሁ ትልቁ አደጋ የስኳር መውረድ ነው። ስኳር ሲወርድ ከክምችቱ አውጥቶ የሚመልሰው ጉበት ነው። አልኮል ሲገባ ጉበት አልኮሉን ማጥራት ላይ ይጠመዳል፣ ስኳሩን አያወጣም። ይህ ደግሞ ሌሊት በእንቅልፍ፣ ወይም በማግስቱ ሊደርስ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መደነባበር፣ መንተባተብ ያመጣል። ያየ ሰው «ሰክሯል፣ ይተኛ» ይላል፤ ሰውየው ግን እየሞተ ሊሆን ይችላል። ሜትፎርሚንም ከብዙ መጠጥ ጋር ደም ውስጥ አሲድ ሊያከማች ይችላል።

የግፊት መድኃኒት፣ እነ ኢናላፕሪል፣ አምሎዲፒን፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ከመጠጥ ጋር ግፊትን ከልክ በላይ ያወርዳሉ። ግንቦት ላይ በድሬ ሙቀት ላባችሁ ወጥቶ ውሃ አጥሯችሁ ከሆነ ደግሞ ከወንበር ብድግ ስትሉ ትወድቃላችሁ። ሐረር ቀዝቀዝ ቢልም መውደቁ ያው ነው።

*የወባ*

ኮአርተም ለአዋቂ 6 ጊዜ በ3 ቀን የሚወሰድ ነው፣ ቅባት ካለው ምግብ ወይም ከወተት ጋር። መጠጥ ያስመልሳችኋል፣ ካስመለሳችሁ መድኃኒቱም ወጣ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ካስመለሳችሁ ያንኑ መጠን መድገም ያስፈልጋል፤ ፍሬው እንዳያጥራችሁ ወደ ሰጧችሁ ጤና ጣቢያ ተመለሱ።

*ሌሎች*

አሞክሲሲሊን ከመጠጥ ጋር እንደ ሜትሮኒዳዞል አይደለም፣ የሚያሰጋ ግጭት የለውም። «አንቲባዮቲክ ሁሉ ከመጠጥ ጋር ይገድላል» የሚባለው ትክክል አይደለም። ሆኖም ታማችሁ ነው የምትወስዱት፣ መጠጡም ፍሬ ያስረሳል፣ ቢቆያችሁ ይሻላል። ለጨጓራ ባክቴሪያ የሚሰጠው ጥቅል ግን አንዳንዴ ሜትሮኒዳዞል ስላለበት እያንዳንዱን ስም እዩ። ዝርዝሬ ውስጥ ያላገኛችሁት መድኃኒት ደህና ነው ማለት አይደለም፣ ጠይቁ።

ደረጃ 4፦ ቀኑን ቆጥራችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ

ሰዓት አትቁጠሩ። ሁለት ሰዓት የሚባል ነገር እርሱት። ፍሬዋ ከተዋጠች ከሁለት ሰዓት በኋላ ብዙዎቹ መድኃኒቶች ደም ውስጥ ገና ከፍተኛ መጠናቸው ላይ ናቸው፤ ያ ሰዓት እንዲያውም ክፉው ሰዓት ነው።

ለሜትሮኒዳዞልና ለቲኒዳዞል ከመጨረሻው ፍሬ ጀምሮ 3 ሙሉ ቀን ቁጠሩ። የመጨረሻዋን ሐሙስ ማታ 2 ሰዓት ከዋጣችሁ ነፃ የምትሆኑት እሑድ ማታ 2 ሰዓት ነው። ቅዳሜ ሠርግ ካለባችሁ ሠርጉ ውስጡ ነው፣ አይሆንም። ከሠርጉ በፊት ለመጨረስ ብላችሁ ፍሬ አትደራርቡ፣ ቀኑንም አታሳጥሩ። ፋርማሲስቱ የሰጣችሁ ቀን ከዚህ ከበለጠ የእሱን ያዙ።

ዲያዜፓም ከሰውነት ለመውጣት ቀናት ይፈጅበታል። «ትናንት ነው የወሰድኩት» አይጠቅማችሁም። ቋሚ መድኃኒት ያላችሁ ደግሞ የምትቆጥሩት ማብቂያ ቀን ስለሌላችሁ ልኩን ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋግራችሁ ወስኑ።

ደረጃ 5፦ ጫት ካለበት ይህንን አትዝለሉ

ሌላ ቦታ የሚጻፉ ምክሮች ይህንን አይነኩትም። እኛ ጋ ግን መጠጡ ብቻውን አይመጣም። ከሰዓት በርጫ (ቁጭ ብሎ ጫት መቃም)፣ ማታ ጨብሲ ነው። ቅደም ተከተሉን እንየው።

ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ምሳ ያልበላ የስኳር ሕመምተኛ መድኃኒቱን ወስዷል፣ ከ8 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ቅሟል፣ ከዚያ ምርቃናውን (የጫቱን መነቃቃት) ለመስበር ባዶ ሆዱን ቢራ ያዘ። ስኳሩ የሚወርድበትን መንገድ ሁሉ አንድ ላይ ከፈተው ማለት ነው። ግዴታ ከሆነባችሁ ከበርጫው በፊት በደንብ ብሉ፣ የስኳር መለኪያ ካላችሁ ከመተኛታችሁ በፊት ስኳራችሁን ለኩ፣ አብሯችሁ የሚያድረው ሰው ይወቅ።

ጫት ያነቃል፣ ስለዚህ ስካሩን ይደብቃል። ስድስተኛው ቢራ ላይ «ምንም አልሆንኩም» የምትሉት ጫቱ ነው የሚናገረው። አልኮሉ ግን ደማችሁ ውስጥ ሙሉውን አለ። የልብ ምትና ግፊትም ከፍ ያደርጋል፤ የግፊት መድኃኒት የምትወስዱበትን ምክንያት ራሱን ያፈርሰዋል።

በጣም የሚያስፈራኝ ግን የሌሊቱ ነው። መርቅኖ እንቅልፍ እምቢ ያለው ሰው ቢራ ይጠጣል፣ አልተኛ ሲለው ዲያዜፓም ይጨምራል። ጫቱ እስካለ ሁሉም ደህና ይመስላል። ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ የጫቱ ማነቃቂያ ሲለቅ ቢራውና ዲያዜፓሙ ብቻቸውን ይቀራሉ። ቤተሰቡ ሁሉ ተኝቷል። እባካችሁ ይህንን አታድርጉ፤ አንድ ሌሊት ሳይተኙ ማደር ማንንም አልገደለም።

አሞክሲሲሊንና አምፒሲሊንም ከጫት ጋር አይስማሙም፣ ጫቱ ወደ ደም እንዳይገቡ ይቀንሳቸዋል። በ1×3 ስትወስዱ የቀኗ ፍሬ 8 ሰዓት ላይ፣ ልክ በርጫው ሲጀመር ትውላለች። ያንን ሳምንት በርጫውን ዝለሉት። ካልሆነላችሁ ቅማችሁ ከጨረሳችሁ ቢያንስ 2 ሰዓት አሳልፋችሁ ዋጡ።

ደረጃ 6፦ ቁጭ ከማለታችሁ በፊት እምቢታውን አዘጋጁ

ድሬ «አንቱ» የማታውቅ ከተማ ናት፣ ሁሉም ወንድምህ ነው፣ ሁሉም ይጋብዝሃል። ጠረጴዛው ከሞላ በኋላ እምቢ ማለት ይከብዳል። ስለዚህ ስትገቡ ቀድማችሁ እዘዙ፤ ማልት ወይም አምቦ ውሃ ፊታችሁ ይቀመጥ። ስኳር ካለባችሁ ማልት ጣፋጭ ስለሆነ አምቦው ይሻላል። ሲጫኗችሁ «መርፌ ላይ ነኝ» ማለት ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ፍሬ ሲባል የሚከራከር ሰው መርፌ ሲባል ዝም ይላል። ለአንድ ጓደኛችሁ ግን እውነቱን ንገሩት። ሌላውን የሚመልስላችሁ እሱ ነው፣ ነገር ቢበላሽም ለሐኪሙ የሚናገረው እሱ ነው።

ደረጃ 7፦ ተደባልቆ ከሆነ

*ጠጥታችሁ የፍሬ ሰዓት ደረሰ።* የኤችአይቪ፣ የቲቢ፣ የግፊት ከሆነ በሰዓቱ ዋጡ፣ ተጨማሪ አትጠጡ። የሚጥል በሽታ መድኃኒትም አይዘለልም፣ ግን ብዙ ጠጥታችሁ ከሆነ ሳትውጡ ወደ ሐኪም ወይም ፋርማሲ ደውሉ፣ ብቻችሁንም አትደሩ። ዲያዜፓም፣ ትራማዶል ወይም ሌላ የሚያስተኛ ከሆነ የዚያን ሌሊት አትውጡ። ሜትሮኒዳዞል ገና ልትጀምሩ ከሆነ ሐኪሙ አስቸኳይ ካላለ በቀር መጠጡ እስኪጠራ፣ ወደ ማግስቱ አቆዩት። ኢንሱሊን ከሆነ ብሉ፣ ለኩ፣ ለሐኪማችሁ ወይም ለሆስፒታል ደውሉ።

*ሜትሮኒዳዞል ላይ ጠጥታችሁ ፊታችሁ ቀላ፣ አስመለሳችሁ።* መጠጡን አቁሙ፣ ነፋስ ያለበት ቁጭ በሉ፣ ውሃ ቀስ እያላችሁ ውሰዱ። አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይለቃል። ደረት ካመማችሁ፣ ትንፋሽ ካጠራችሁ ወይም ራሳችሁን ከሳታችሁ ሆስፒታል ነው። ቀጣዩን ፍሬ ከመዝለላችሁ በፊት ጠይቁ።

*ሰውየው አልነቃ አለ።* በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

1. ስሙን ጮክ ብላችሁ ጥሩ፣ ትከሻውን ነቅንቁ። ካልመለሰ ስካር ነው ብላችሁ አትተዉት።

2. ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። ከ8 ካነሰ፣ ወይም በሁለት ትንፋሽ መካከል 10 ሰከንድ ካለፈ፣ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ አደጋ ነው።

3. ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ። ከዘገየ ባገኛችሁት መኪና ውሰዱት። ድሬ ላይ ድል ጮራ ወይም ሳቢያን፣ ሐረር ላይ ሕይወት ፋና ወይም ጁገል ሆስፒታል።

4. እስክትሄዱ በጎኑ አስተኙት፣ ላይኛው ጉልበቱ ታጥፎ፣ አፉ ወደ ታች ዘንበል ብሎ፣ ቢያስመልስ እንዳያንቀው። ባጃጅ ውስጥም በጀርባው አታንጋልሉት።

5. ትንፋሹ ከቆመ በጀርባው አጋድማችሁ ደረቱ መሃል ላይ በሁለት እጅ አጥብቃችሁ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ግፉ። እርዳታ እስኪደርስ አታቁሙ።

6. የስኳር ሕመምተኛ ከሆነና መዋጥ ከቻለ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ስጡት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ድገሙት። ራሱን ከሳተ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ።

ጣት ከተው አያስመልሱት። ወተት፣ ቡና፣ ሎሚ አይስጡት። ውሃ አይድፉበት። «ይተኛ፣ ጠዋት ይነቃል» አይበሉ።

7. ስትሪፑን፣ ሽሮፑን፣ የጠርሙሱን ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ ፊት አታፍሩለት። ምን እንደዋጠ፣ ስንት እንደጠጣ፣ እንደቃመ ንገሩ።

*በማግስቱ ራስ ምታት።* መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ምግብ። ፉልም ቢሆን ሆጃም ቢሆን የሚገባላችሁን። በባዶ ሆድ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አትዋጡ። በየቀኑ የማትጠጡ ከሆነና ጉበታችሁ ጤነኛ ከሆነ አንድ ወይም ሁለት ፓራሲታሞል ይበቃችኋል። ከዚያ ስትሪፑን አውጡና ትናንት ያለፋችሁ ፍሬ ካለ እዩ። ያለፈውን ለማካካስ ሁለት በአንድ ላይ አትዋጡ። ወደ ገዛችሁበት ፋርማሲ ደውሉና ቀጣዩን መቼ እንደምትወስዱ ጠይቁ። የመጨረሻው ፍሬ ቀን ከተቀየረ ስልካችሁ ላይ ያስቀመጣችሁትንም ቀን ቀይሩት።